ለታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ዘርፍ ሲመረጥ፦ ባሕር ዳር ላሉ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባሕር ዳር ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ፤ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውም በታሪክ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል አስበው በሦስት ነገር መካከል ቆመዋል፦ የጣና ገዳማትና የጎንደር ዘመን፣ የጣሊያን ወረራና የጎጃም አርበኞች፣ ከነጻነት በኋላ ያለው የገበሬና የከተማ ታሪክ። ግዕዝ በመጠኑ ያነባሉ፣ ጣሊያንኛ አያውቁም፣ ሥራቸውንም ሳይለቁ ነው የሚማሩት። «የቱን ልምረጥ? የትኛውስ ነው ወደፊት ሥራ የሚያስገኝልኝ?» ይላሉ።

መምህርት፣ ሦስቱን አማራጮች የለዩአቸው በዘመን ነው። የትምህርት ክፍሎች የኮርስ ዝርዝርም እንደዚያው ስለሚከፋፈል ልማዱ የታወቀ ነው። መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ሲደረስ ግን ዘርፍ ማለት ሦስት ነገር ነው፦ ደጋግመው ሊደርሱበት የሚችሉት የምንጭ ዓይነት፣ ያንን ምንጭ ያለ አስተርጓሚ የሚያነቡበት ቋንቋ፣ ምንጩ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ። ሁለተኛ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት በኮርስ ያልቃል፤ ለጽሑፉ የሚተርፈው አንድ ዓመት ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ያ አንድ ዓመት ቅዳሜና እሑድ፣ የሴሚስተር ዕረፍትና ክረምት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ቋንቋ ተምሮ፣ ባሕር ማዶ ያለ መዝገብ አስመጥቶ፣ አንብቦና ጽፎ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ዘመኑን ከመምረጥዎ በፊት ምንጩን ይምረጡ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የግዕዝና የድሮ አማርኛ ንባብዎ ከዚህ በታች የማስቀምጠውን ፈተና ካለፈ፣ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ የተጻፉትን የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሬትና የንብረት ሰነዶች ይያዙ። ካላለፈ የባሕር ዳርን የፋብሪካና የሠራተኛ ታሪክ ይያዙ። አርበኞቹን በሦስተኛ ደረጃ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ስለሆነ ምክንያቱን ከዚያ ልጀምር። (ዓ.ም. ያልኩት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን እ.ኤ.አ. እያልኩ እለያለሁ።)

በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው በጎጃም ስማቸው በየቤቱ ይነሳል። ርዕሱ ቅርብና የሚወደድ ነው፤ ምንጩ ግን ርቋል። በ1930 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ አርበኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ከ100 በላይ ነው። ዛሬ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ቢወጡ የሚያገኙት የልጆችንና የልጅ ልጆችን ትረካ ነው። ያም ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚመልሰው ጥያቄ «አርበኝነቱ ዛሬ እንዴት ይታወሳል?» የሚለውን እንጂ «በ1930 ምን ተደረገ?» የሚለውን አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠሩ ጽሑፎች ዋና ሕመም ነው። የወራሪው መዝገብ ሮም ነው ያለው፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የታሪክ መዝገብ ቤት፣ በማዕከላዊው የመንግሥት መዝገብ ቤትና በጦር ሠራዊቱ የታሪክ ጽሕፈት ቤት። ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገብተው በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት ከሚመራው የጌዴዎን ኃይል ጋር በጎጃም ሲያልፉ የተጻፈው የእንግሊዝ ሪፖርት ደግሞ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነው። አሁን ጣሊያንኛ ጀምረው ለሦስተኛ ዲግሪ ቢያደርሱት ጠንካራ ሜዳ ነው፤ እዚህ ጣሊያንኛ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ጥቂት ነውና። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን አልመክርም።

ወደ ገዳማቱ ስመጣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለይ። «የጣና ገዳማት ታሪክ» ርዕስ አይሆንም። የዳጋ እስጢፋኖስ፣ የጣና ቂርቆስ፣ የክብራን፣ የዘጌ፣ የናርጋ ታሪክ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚዘልቅ፣ ገድልም፣ ሥዕልም፣ መሬትም፣ የነገሥታት መቃብርም ያለበት ነው። ተማሪ ሁሉንም ይዞ ሲነሳ መጨረሻው ከመመሪያ መጽሐፍ የማያልፍ መግለጫ ይሆናል። ንጉሥ ሱስንዮስንና ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) ጎርጎራ ድረስ ተከትዬ ልሂድ ካሉ ደግሞ አብዛኛው የዘመኑ ጽሑፍ ፖርቱጋልኛና ላቲን ነው፤ ከኢየሱሳውያኑ አንዱ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝ የጻፈው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝኛ ታትሟል፣ እሱ ብቻውን ግን መመረቂያ ጽሑፍ አይሸከምም።

እኔ የምለው በመጻሕፍቱ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የሰፈረውን ነው። ደብሩ መሬት ሲሰጠው፣ ሰው ርስቱን ሲሸጥ፣ ሲያወርስ፣ ሲካሰስና ሲታረቅ ጉዳዩ በወንጌሉ ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ላይ ይጻፍ ነበር፤ መጽሐፉ ስለማይጠፋና ስለሚፈራ። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ያሉትን እነዚህን ሰነዶች መሠረት አድርጎ የተጻፈው ትልቁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዶናልድ ክረሚ የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ ነው። ከእሱ በኋላም በየደብሩ ገና ያልተነካ ብዙ አለ። ለእርስዎ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ አንድ ሰነድ አጭር ነው፣ ከ10 እስከ 30 መስመር፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ደብር ከ40 እስከ 60 ሰነድ ከሰበሰቡ ለሁለተኛ ዲግሪ ይበቃዎታል።

አንዱን ቀርበን እንየው። የተለመደው አጻጻፍ በግዕዝ ይጀምራል፤ ዓመቱን፣ ወንጌላዊውን፣ የነገሠውን ንጉሥ ይጠራል። ቀጥሎ በሹመት ላይ ያሉት ሰዎች ይዘረዘራሉ፤ ራስ፣ ብላቴን ጌታ፣ ዐቃቤ ሰዓት የተባሉት ሹማምንት፣ የደብሩ አለቃና ገበዙ (የደብሩ ንብረት ጠባቂ)። ከዚያ ቋንቋው ወደ አማርኛ ይዞራል፤ ማን ለማን ምን መሬት በስንት ወርቅ ወይም በስንት አሞሌ እንደሸጠ ወይም እንደሰጠ ይነገራል። እማኞችና ዋሶች ይከተላሉ። መጨረሻው ውግዘት ነው፤ ይህን ያፈረሰ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን ይላል። ታሪክ ጸሐፊው ዓይኑን የሚጥለው መሃሉ ላይ ብቻ መሆን የለበትም። የሹማምንቱ ዝርዝር ለዘመን ማረጋገጫ፣ የእማኞቹ ዝርዝር ለዝምድናና ለጉርብትና ጥናት ነው። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ሴቶች ሻጭም፣ ገዢም፣ ተከራካሪም ሆነው ይገኛሉ፤ ዜና መዋዕሎቹ ስማቸውን የማያነሱ ሴቶች።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዘመን ቆጠራው ነው። «በዘመነ ንጉሥነ ኢያሱ» የሚል ቢያገኙ ቀዳማዊው (እ.ኤ.አ. 1682–1706) ነው ወይስ ዳግማዊው (እ.ኤ.አ. 1730–1755)? ከንጉሡ ጎን እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ ወይም ብርሃን ሞገሳ ተብላ ከተጠራች ዳግማዊው ነው፤ ሁለቱም የእቴጌ ምንትዋብ ስሞች ናቸውና። ዓመቱ በዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው) ከተሰጠ 5500 ይቀንሱ፤ ዓመተ ምሕረቱ ይወጣል። ምሳሌ ልውሰድ፦ ሰኔ 7124 ዓመተ ዓለም፣ 5500 ሲቀነስ ሰኔ 1624 ዓ.ም. ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ስለሚደመር እ.ኤ.አ. 1632 ላይ ይወድቃል፤ ፋሲል በአባቱ ፈንታ የነገሠበት ወር ነው። አሁን በወንጌላዊው ይፈትሹት። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 7124 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ መሆን አለበት። ሰነዱ «ዘመነ ማቴዎስ» ካለ ወይ እርስዎ አኀዙን በስሕተት አንብበዋል (፮ እና ፯ በደከመ ቀለም አንድ ይመስላሉ)፣ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ ሰነዱ ቆይቶ የተጻፈ ነው። ቀን ድረስ የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ በተራው ዓመት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴፕቴምበር 8፣ በ18ኛው 9፣ በ19ኛው 10 ነበር።

ከዚህ የከፋው ግልባጭን እንደ ዋና መውሰድ ነው። አሮጌ ወንጌል ሲያረጅ ሰነዱ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። የመሬት ክርክር ሲነሳም የጥንት ስጦታ የሚመስል ጽሑፍ ቆይቶ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ቅጠል፣ ፊት ወይስ ጀርባ፣ ከየትኛው ሌላ ጽሑፍ በላይና በታች እንዳለ ሳይመዘግቡ ቃሉን ብቻ ገልብጠው ቢመለሱ የሰበሰቡት ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። የእጅ ጽሕፈቱ ከተጠቀሰው ዘመን ጋር ይሄዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰነድ በተናጠል መመለስ አለበት።

ፈተናው ይኸውና። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቅጂ ይዟል፤ ብዙውን በነጻ ተመዝግቦ በድረ ገጹ ማየት ይቻላል። የካታሎጉ መግለጫ የመሬት ስጦታ ወይም ሽያጭ አለበት የሚለውን ሦስት መጽሐፍ ይፈልጉ። ከእያንዳንዱ አንድ ሰነድ ይውሰዱና ሳያርሙ፣ የጸሐፊውን ፊደል እንዳለ ጠብቀው 20 መስመር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገልብጡ። በማግስቱ የትናንቱን ሳያዩ እንደገና ይገልብጡትና ሁለቱን ያስተያዩ። ከአምስት ቃል ከአንዱ በላይ ከተለያየ ወይም ክፍት ከቀረ ገና ነዎት። ዳዊት መድገም ለዚህ በቂ ዝግጅት አይደለም፤ የመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ጉልሕና የተስተካከለ ሲሆን የኅዳጉ ጽሑፍ ደቂቅ፣ የተጨናነቀ፣ ቀለሙም የፈዘዘ ነው። ብዙዎቹን የሚያቆማቸው ደግሞ ግዕዙ ሳይሆን አማርኛው ነው፤ ጉልት፣ ርስት፣ ሪም፣ ማደሪያ የሚሉት የመሬት ይዞታ ቃላት በየዘመኑና በየደብሩ የሚሸከሙት መብት ይለያያል፤ መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚገኘውን አንድ ፍቺ በሁሉም ላይ መለጠፍ ጽሑፉን ያበላሻል።

የእርስዎ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ወንድም ወይም የክፍል ጓደኛ ልኮ በማስነሳት ብቻ የቆመ ጽሑፍ አይያዙ፤ የጥራዙን አሰፋፍ፣ የቅጠሉን ቅደም ተከተል፣ የተፋቀውን ቦታ በዓይንዎ ካላዩ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲከላከሉ መልስ ያጣሉ። ለክብራን መላ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የጀርመን ቡድን መጻሕፍቱን በማይክሮፊልም አንስቷቸዋል፣ ካታሎጉም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በአካል የሚሄዱበትን ግን ከዘጌ ወገን፣ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን፣ ወይም በደቅ ደሴት ያለውን ምንትዋብ ያሠራችውን ናርጋ ሥላሴን ያስቡ። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪናም ይደረሳል፤ ቅዳሜ ሄዶ ለመመለስ ይመቻል። ናርጋ ግን ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ጀልባውም ውድ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጥ ጠዋት በጊዜ ይውጡ። በዐቢይ ጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ ዕቃ ቤት የሚከፍትልዎ ሰው አያገኙም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

ፈቃድ በደብዳቤ ሰንሰለት ነው የሚገኘው፤ ከትምህርት ክፍሉ ለሀገረ ስብከቱ፣ ከሀገረ ስብከቱ ለወረዳ ቤተ ክህነቱ፣ ከወረዳው ለአበምኔቱ ወይም ለደብሩ አለቃ። «ለጥናት ትብብር እንዲደረግላት» የምትል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ በር ላይ ታስቀራለች። ብራና እየተሰረቀ ስለወጣ ዕቃ ቤት ጠባቂው የመጠራጠር መብት አለው፤ ከፍቶ ባሳየው የሚጠየቀው እሱ ነው። ደብዳቤው የትኛውን መጽሐፍ ወይም የትኛውን ዓይነት ሰነድ እንደሚያዩ፣ ፎቶ ማንሳት አለማንሳትዎን፣ ስንት ቀን እንደሚፈልጉ፣ ፎቶው እንደማይሸጥና አንድ ቅጂ ለደብሩ እንደሚመለስ ይጥቀስ። ቅጂውንም በእርግጥ ይመልሱ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ተማሪ በር የሚከፈትለት በዚያ ነው። ሲያነሱ ፍላሽ አይጠቀሙ፣ መጽሐፉን አስገድደው አይዘርጉ፤ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ያስቀምጡ፣ ገጹን መጀመሪያ ሙሉውን ቀጥሎ ቀርበው ያንሱ፣ የፈዘዘ ቀለም ላይ ብርሃኑን ከጎን ያምጡ። ቅጠሎቹ ብዙውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም፤ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምረው ይቁጠሩና የፋይሉን ስም በደብሩ፣ በመጽሐፉ፣ በቅጠሉ፣ በፊትና ጀርባ ይሰይሙ። ይህ ማታውኑ ካልተሠራ ከሳምንት በኋላ የትኛው ፎቶ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ማንም አያውቀውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚያስደስትዎ ጽሑፉ ራሱ፣ ቅጂ ከቅጂ ማስተያየቱና ማረሙ ከሆነ ቦታዎ ፊሎሎጂ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ታሪክ ክፍል ውስጥ 50 ሰነድ በጥሩ ሁኔታ ገልብጠው ቢያቀርቡ «ታዲያ ምን ይላል?» ተብለው ይጠየቃሉ። ርዕስዎ ከመጀመሪያው ጥያቄ ይኑርበት፤ ለምሳሌ በአንድ ደብር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሴቶች ርስት የሚሸጡት በምን ሁኔታ ነበር? ዘጌን ከወሰዱም ጥያቄው በዓይን ይታያል፤ በአቡነ በትረ ማርያም ትእዛዝ በሬ አይጠመድበትም የሚባል ምድር ላይ ቡናው፣ ደኑና የመሬት ይዞታው እንዴት አብረው ቆዩ? እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1935 ያለውን የዘጌን የካህናት ቡና ልማትና የባሪያ ጉልበት ታሪክ አብዱሰመድ አሕመድ ጽፈውበታል፤ ከእሱ በፊት ወይም በኋላ ያለውን ይያዙ።

አሁን ፈተናውን ካላለፉስ? ባሕር ዳር እግርዎ ሥር ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ፤ ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት እርዳታ ተከፈተ፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በዓመቱ ተከተለ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው በ1963 ነው። ትንሿ የሐይቅ ዳር ሰፈር በጥቂት ዓመት ውስጥ የወር ደመወዝተኛ ከተማ ሆነች። ከ1936 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ያለው የከተማዋ አጠቃላይ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1988 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍነት ተሠርቷል፤ ስለዚህ «የባሕር ዳር ከተማ ታሪክ» ብለው እንዳይነሱ። ክፍት ያለው ጠበብ ያለው ነው፦ ገበሬው እንዴት የፈረቃ ሠራተኛ ሆነ፣ ሴቶች በፈተላና በሽመና ክፍል እንዴት ተቀጠሩ፣ ሠራተኛው የት ሰፈረ።

እዚህ ጊዜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የ20 ዓመት ሠራተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ከ80 አልፏል። ስለዚህ ከኮርስ በፊትም ቢሆን ቃለ መጠይቁ ይጀመር። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ያነጋግሩ፤ መጀመሪያ ሕይወቱን እንደመጣለት እንዲያወራ ይተዉት፣ በሁለተኛው ጊዜ የሥራ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ፎቶ ይዞ እንዲቀመጥ ይጠይቁት፤ ወረቀቱ ያላነሳውን ያስነሳዋል። «በስንት ዓ.ም.?» ብለው አይጠይቁ፤ ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ፣ ከ66ቱ አብዮት በፊት ነው በኋላ እያሉ ያስጠጉት። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ያህል ይበላል። 20 ሰው ለሁለት ሁለት ሰዓት ቢቀርጹ 240 ሰዓት የመጻፍ ሥራ ነው፤ ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ስለ ቀይ ሽብር ዘመን የሚናገር ሰው ስሙ እንዳይጠቀስ ከፈለገ ከመቅረጽዎ በፊት ይስማሙና በድምፁ ያስመዝግቡት። የአፍ ታሪኩን የሚያቆመው ወረቀት ከሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ ከፋብሪካው የሠራተኛ ማኅደር፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ አዲስ አበባ ካለው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)። ባሕር ዳር ያን ጊዜ አውራጃ ስለነበረች፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ስለነበረች የበላይ ደብዳቤዎቹን ፍለጋ ወደዚያም መሄድ ይመጣል።

የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ ከዚሁ ጎን ይቆማል። መነሻው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 255/1960 ነው፤ ገብሩ ታረቀ ከባሌና ከትግራዩ ጋር አነጻጽረው ጽፈውበታል። ምስክሮቹ ዛሬ ወደ 80 ይጠጋሉ። ዐመፁ የበረታው ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ስለነበር ግን ሥራው ያለው ገጠር ነው፤ በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ በዕቅድ መንገድ መውጣት አስተማማኝ አይደለም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቆም ጥናት ለባለ ሥራ ሰው አይሆንም።

ያላነሱት፣ እኔ ግን ላሳይዎ የምወደው አራተኛ መንገድ የውሃ ታሪክ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል ላይ የጣና፣ የዓባይና የሶባት ነገር አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የጣና ግድብ ድርድርና የኒውዮርኩ የኋይት ኩባንያ ጥናት፣ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺዝማን የሠራው የሐይቁና የዓባይ ካርታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የተካሄደው የአሜሪካኖቹ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ወረቀቱ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በወረቀቱ ውስጥ የሌሉት ሐይቁ ዳር ያሉት ሰዎች ናቸው፤ በደንገል ታንኳ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ አሣ አጥማጁ፣ ውሃው ሲሸሽ የሚያርሰው የዳር ገበሬ። ግዕዝ አይጠይቅም፣ ከከተማው ብዙ አያርቅም። እንግሊዝኛዎ ጠንካራ ከሆነ ከፋብሪካው ጋር አስተያይተው ይመልከቱት።

ስለ ሥራው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ዘርፉ ብዙም አይወስንም፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ማንኛውም የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ያስተምራል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ ውጪ ነው። በባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ በቤተ መዘክር፣ በቅርስ ምዝገባ ሥራ ብራና አንብቦ መዝግቦ ማስረከብ የሚችል ሰው ይፈለጋል። ለሦስተኛ ዲግሪም፣ ሐምቡርግን የመሰሉ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከላት መጀመሪያ የሚያዩት የምንጭ ቋንቋን ነው። ጽሑፉ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑንም አይርሱ፤ በአማርኛ የሚያምር ሐሳብ ይዘው እንግሊዝኛው ላይ ስድስት ወር የሚቆሙ ብዙ ናቸው። ከአሁኑ በየሳምንቱ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ለመግቢያ ፈተናውም ይረዳዎታል።

ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ሦስት ሳምንት ይስጡት። የመጀመሪያው ሳምንት የንባብ ፈተናው ነው። በሁለተኛው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ውስጥ በርዕስዎ የተሠራውን ይፈልጉ፤ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን የምንጭ ዝርዝሩን ያንብቡ፣ ማን ምን ሰነድ የት እንዳገኘ የሚነግርዎ እሱ ነው። በሦስተኛው ሁለት አማካሪ መምህራንን ያነጋግሩ። በዚህ ዓመት ስንት ተማሪ እንደያዙ፣ ካማከሩት ውስጥ ስንቱ በጊዜው እንደጨረሰ፣ ረቂቅ ምዕራፍ በስንት ጊዜ አንብበው እንደሚመልሱ ይጠይቁ። የብራና ሰነድ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ከገለበጡት አንዱን ሰነድ ከነፎቶው ይዘው ይሂዱና አብረው እንዲያነቡልዎት ይጠይቁ፤ ሰነዱን ማንበብ የማይችል አማካሪ ስሕተትዎን ሊያይልዎ አይችልም፣ በዚያ ጊዜ ከግዕዝ ወይም ከፊሎሎጂ ክፍል ተባባሪ አማካሪ እንዲመደብልዎ ከመመዝገብዎ በፊት ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ያመልክቱ።